አፌ የነጣበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ለልጄ የአስም መድኃኒት ልንገዛ ቆቦ አንድ ፋርማሲ ገባን። ባለሙያዋ የሚሳበውን መድኃኒት እያሳየቻት፣ «ከሳብሽ በኋላ አፍሽን በውኃ ተጉመጥመጪ፤ አለዚያ ሊነጣብሽ ይችላል» አለቻት። እኔ የራሴ አፍ የነጣበት ክረምት ትዝ አለኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኩላሊቴ ታሞ ፊቴም እግሬም ስላበጠ፣ ወልድያ ፕሪድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። እብጠቱ ጎደለ፤ ጫማዬም እንደገና ገባልኝ። የበለስ ወቅት ነበርና እናቴ ልጣ ሰጠችኝ። ገና ስጎርሰው አፌ ተቃጠለ። በመስታወት ሳይ ምላሴና የጉንጬ ውስጥ እርጎ የተለጠፈበት ይመስላል፤ ስፍቀው ይደማል። እያደር ወደ ጉሮሮዬ ወረደና ውኃ እንኳ እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር።

ጎረቤቶች «ክኒኑ ነው ውስጧን የሚያበሰብሳት» አሉ። እናቴ ወስዳ ደበቀችው።

«እማዬ፣ ስጪኝ። እብጠቱ ይመለሳል።»

«ዓይኔ እያየ አፍሽን ይብላው? አልሰጥሽም።»

በዚያ ወበቅ ከደጅ ጓዳ፣ ከጓዳ ደጅ ስመላለስ ዋልኩ። ብቀመጥ አይሆንልኝ፣ ብተኛ አይሆንልኝ። ክኒኑንም እፈራዋለሁ፣ መቅረቱንም እፈራለሁ። አባቴ ከማሽላው ሲመለስ ሁለታችንንም ሰማና፣ «ያዘዘው ሐኪም ይናገር። ቢስሚላህ በሉና ተነሱ» አለን።

ወደ ወልድያ ስንሄድ ሚኒባሱ ሮቢት ከተማ ላይ ተሳፋሪ ፍለጋ ቆሞ ቀረ። እኔ እግሬን እየዳሰስኩ አብጦ እንደሆነ አያለሁ። እናቴ ክኒኑን የቋጠረችበትን የሻሿን ጫፍ ጨብጣለች።

ሐኪሙ አፌን በባትሪ አየ። «ይህ እርሾ መሰል ፈንገስ ነው» አለ። «የብዙ ሰው አፍ ውስጥ አለ፤ እንዳይበዛ የሚይዘው የሰውነት መከላከያ ነው። የእሷ መከላከያ ኩላሊቷን ስለሚያጠቃ በክኒኑ አደከምነው። ፈንገሱ ደግሞ የሚይዘው አጣ።»

«ታዲያ እንጣለው?» አለች እናቴ።

«በድንገት ማቆሙ ነው የሚያስፈራው። ትቀጥል። ለአፏ ሌላ መድኃኒት እሰጣታለሁ።»

እናቴ ቋጠሮውን ፈታች። ክኒኑን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ፊቷን አዞረች። እኔም ዋጥኩት።

ሐኪሙ ለአፌ የሰጠኝን ጠብታ በአፌ እያንከባለልኩ ሰነበትኩ፤ ንጣቱ ለቀቀኝ። ክኒኑንም ኩላሊቴ ሲረጋጋ ቀስ በቀስ ቀንሰው አስቆሙኝ።

እናቴ አሁን የለችም፤ አላህ ይዘንላት። ይህን ሳወራ በእሷ የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም። ልጄ ትንፋሽ ሲያጥራት መድኃኒቱን አንስቼ፣ ከመስጠቴ በፊት እጄ ለአፍታ ይዘገያል። ከዚያ እሰጣታለሁ።