ግማሹ የጋሽ ከድር የሆነው ሞተር

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ልጅ ሞተሬን ሊያይ ሆሳዕና ድረስ መጣ። አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን እየገዛና እያደሰ ለባለጸጎች የሚሸጥ ነው አሉ። ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ ተንበረከከ፣ በሞባይሉ መብራት ቁጥሩን አነበበና ከንፈሩን መጠጠ።

«ማዘር፣ ይሄማ ኦሪጅናል አይደለም። ታችኛው የአንድ ዓመት ሥሪት ነው፣ ሲሊንደሮቹ የሌላ ዓመት። ማነው እንዲህ ያበላሸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሽበቴን አይቶ ሳቁን ቶሎ ቢሰበስብም የኔ ደም ግን ፈልቶ ነበር። ይህን ነገር ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።

አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ሞተሩን የገዛው አገሩ ሊገባ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ ሁለት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የወጡ፣ ከባድ ሞተር ነው። ከሞርሲቶ እስከ ጃጁራ የገጠሩን ምእመናን ሲጎበኝ ከኋላው መጽሐፍ ቅዱሱንና ስንቁን ቆጮ ይጭናል፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ እኔን ይጭናል። ሲበላሽ ራሱ ይፈታዋል፤ ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነኝ። «ወንድ ልጅ ስለሌለው ነው» እያሉ ጎረቤቶች ያዝኑለት ነበር። እኔ ግን እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ አረፈ። እናቴ ቀድማው ነበር፤ እህትም ወንድምም የለኝም። ሞተሩ ሲሊንደሮቹ ተበልተው ከቆመ ሰንብቷል። ከለቅሶው በኋላ አጎቴ ጋሽ ደነቀ ሽማግሌዎች ሰብስቦ የወንድሙን ንብረት ማደላደል ጀመረ። ያኔ አሮጌ ብረት እየለቀሙ፣ አልሙኒየሙን አቅልጠው ድስት የሚሠሩ ሰዎች ከተማ ለከተማ ይዞሩ ነበር። አጎቴ ከእነሱ ጋር ነገሩን ጨርሷል።

«የአባቴን ሞተር ድስት ሊያደርጉት ነው?» አልኩ።

«የማይሄድ ነገር ሞተር አይባልም፤ ብረት ነው። ቢሄድስ አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እነዳዋለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ሎምባሞ ብቻ ሳይስቁ ቆይተው፣ «ትሞክር። እስከ መስቀል ተነስቶ ከሄደ የእሷ ይሁን፤ ካልሄደ ደነቀ ይሽጠው» ብለው ፈረዱ። ሁሉም እሺ ያሉት እንደማይነሳ እርግጠኛ ስለነበሩ ይመስለኛል። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር።

የሆሳዕና ጋራዦች የዚያ ዓመት ሲሊንደር ከጀርመን ካልመጣ አይገኝም አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ! በኋላ አዲሎ ውስጥ የዚያው ዓይነት፣ ግን በጥቂት ዓመታት የሚያንስ ሞተር ወድቆ እንዳለ ሰማሁና በዝናብ በዱራሜ አድርጌ ሄድኩ።

ባለቤቱ ጋሽ ከድር የበሬ ነጋዴ ነበሩ። ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ ገብተው ሆዱ ድንጋይ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሁለቱ ጆሮዎች ግን ደህና ናቸው። ዶሮዎች መቀመጫው ላይ ሰፍረውበታል። የተቀቀለ በቆሎ አቀረቡልኝና ታሪኬን ሰሙ።

«ዓመቱ ይለያያል እኮ፤ አይገጥምም ይላሉ» አሉ።

«ማን ሞክሮ?»

የያዙትን በቆሎ አስቀመጡ። «የማን ልጅ ነሽ አልሽኝ? የደነቀ ወንድም?»

«አዎ።»

«ያ የጃጁራው ደነቀ! የታመመ በሬ ጤነኛ ነው ብሎ የሸጠልኝ! እሱ አይሆንም አለሽ?»

«ብሏል።»

«እንግዲያው ፍቺና ውሰጂ። ግን አልሸጥኩልሽም፣ አልሰጠሁሽም፤ ውሰት ነው። ደነቀ ሲናደድ ማየት እፈልጋለሁ።»

በማዳበሪያ ጠቅልዬ አመጣኋቸው። እውነትም አልገቡም። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ የአባቴንና የተዋስኩትን ሲሊንደር መቀመጫ የተቃጠለ ዘይት ቀባሁና እንደ ማኅተም ወረቀት ላይ አተምኳቸው። አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርቤ በመስኮቱ ብርሃን ሳይ የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ገጠሙ። የሚለየው ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባው አንገት ብቻ ነው፤ የአዲሱ በጥፍር ያህል ይወፍራል። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ሰው ሁሉ «አይገጥምም» ሲል የኖረው!

ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስጄ አንገቱን ላጩልኝ አልኩ። ባለሙያው ብረቱን ቢሰነጥቅ ተጠያቂ እንደማይሆን ሦስት ጊዜ አስማለኝ። አልሰነጠቀውም።

በነሐሴ መጨረሻ ገጠምኩት። በኩራት አጎቴን ጠርቼ መርገጫውን ስረግጥ ሞተሩ አስነጠሰ፤ እሳት ተፍቶ ቅንድቤን ለበለበኝ። አጎቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቫልቮቹን የሚገፉትን ዘንጎች ከአባቴ ሞተር ወስጄ ነበር፤ ለተዋስኳቸው ሲሊንደሮች ቁመታቸው አይሆንም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ያበጠ ፊቴን ይዤ እንደገና አዲሎ ወረድኩና ዘንጎቹን አመጣሁ። ሲነሳ ማንንም አልጠራሁም።

የመስቀል ዕለት ወደ ጃጁራ ነዳሁት። ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮታል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይረጫል፣ ሞተሩም ያጨሳል። ግን ዳገቱን እየዘፈነ ወጣው። ከእንሰቱ መሃል ሰዎች እየወጡ ያዩኛል፤ አንዲት እናት እልል አለችልኝ። አጎቴ ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቅቤ የጠገበውን የመስቀል ቡላ፣ አተካናን፣ ከበው ተቀምጠዋል። ሞተሩን ሳላጠፋ በር ላይ አቆምኩት።

አጎቴ ወጥቶ ዞረው። እጁ ላይ ያለውን ቅቤ እየላሰ፣ «ይሄ የወንድሜ ሞተር አይደለም!» አለ። «ግማሹ የሌላ ሰው ነው። የተፈረደው ስለ ወንድሜ ሞተር ነው። አይቆጠርም!»

እንባዬ ሊመጣ ሲል ንዴቴ ቀደመው። «ልክ ብለዋል አጎቴ። ግማሹ የአዲሎው የጋሽ ከድር ነው፤ ውሰት ነው። የሰው ንብረት እንዴት አድርገው ለድስት ይሸጣሉ?»

የከድርን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። አቶ ሎምባሞ በሀዲይኛ፣ «ደነቀ፣ የበሬውን ነገር እንደገና ልታስነሳው ነው?» ሲሉት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ሞተሩ የእሷ ነው። ነይ ግቢ፣ ብዪ» አሉኝ። ከነጭቃዬ ገብቼ አተካናውን ጠግቤ በላሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

ጋሽ ከድር እስኪሞቱ ድረስ በአዲሎ ሳልፍ ሞተሩን አስነስቼ አሰማቸው ነበር። «የኔ ግማሽ ደህና ነው?» ይሉኛል። መልሺ ብለውኝ አያውቁም፤ ሰጥቼሻለሁም አላሉኝም።

የአዲስ አበባው ልጅ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ትክክለኛዎቹ ሲሊንደሮች ውጭ አገር እንደሚገኙ፣ እነሱ ቢገቡ ዋጋው ሌላ እንደሚሆን አስረዳኝ። ለሱ ዋጋው ያለው በቁጥሮቹ መመሳሰል ላይ ነው፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን የማይገጥም ተብሎ የገጠመ ነገር ሳይ ዛሬም ልቤ ይሞላል። ራሴም ከዚያው ወገን ነኝ።

«ልጄ፣ ለመሸጥ መጀመሪያ የጋሽ ከድርን ልጆች ማስፈቀድ አለብኝ» አልኩት። «ደግሞም ኦሪጅናል ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይሄኔ ወጥ ይሠራበት ነበር።»

ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ መርገጫውን ረገጥኩት።