ባዶዋን የከበደች መኪና

ወንዳወቅን በፍኖተ ሰላም ከተማ የማያውቀው የለም፤ የሚያውቁት ግን በስሙ ሳይሆን በመኪናው ነው። ድሮ ነጭ ነበረች የምትባል፣ አሁን ቀለሟ እንደ ቆየ ጥርስ የወየበ፣ አንዲት ትንሽ አሮጌ ፒክአፕ አለችው። በእርሷ የሰው ንብረት ያመላልሳል፦ በቆሎ፣ በርበሬ፣ ቆርቆሮ፣ ተዛውሮ የሚሄድ መምህር አልጋና ፍራሽ። ዕድሜው ገፍቶም ሚስት አላገባም ነበር። ለምን ሲሉት፣ «መኪናዋ ትቀናብኛለች» ይላል። ይህን ማለት የተወው አምለሰትን ያየ ቀን ነው።

አምለሰት በርበሬ ልትሸጥ ከገጠር ስትመጣ ጆንያዋን ጫነላት። በርበሬው ከነፈሰበት ጀምሮ እስከ ገበያው ድረስ ሲያስነጥስ ሄደ። ባስነጠሰ ቁጥር «ይማርህ!» እያለች ትስቅበታለች። በሚቀጥለው ገበያም መጣች፤ በርበሬው በደንብ ታስሮ ሳለ እርሱ ግን አስነጠሰ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት።

አባቷ አያ ገብረሰንበት፣ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ ወደ ውስጥ በሚታጠፈው የጠጠር መንገድ፣ ከዳገቱ አናት ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ከመንገዱ ጋር ስለተያያዘ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በዓይናቸው ሥር ነው የሚያልፍ። በቅሎ ብታነክስ የትኛው እግሯ እንደሆነ ከደጃፋቸው ሳይንቀሳቀሱ ይናገራሉ።

በጥቅምት ወር ወንዳወቅ እኔንና መሪጌታ ክንፈሚካኤልን ሽማግሌ አድርጎ ላከን። መሪጌታ እኔን በስተርጅናዬ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው፤ ወፈር ያሉ በመሆናቸው ሲቀመጡ ወንበር ያቃስታል። በዚያን ቀን ግን የሚያቃስት ወንበር አላገኙም። በአገራችን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ «ተቀመጡ» እስኪባል ይቆማል፤ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አያ ገብረሰንበት እንደ ቆምን አዳመጡንና እንደ ቆምን መለሱን።

«የላካችሁን ሰው አውቀዋለሁ» አሉ። «መኪናው በዚህ ስታልፍ አያታለሁ። ኋላዋን ሽቅብ ሰቅላ እንደ ፍየል ትዘላለች። ጭነት ያላት መኪና ዝቅ ብላ፣ ቀስ ብላ ነው የምትሄድ። ባዶ መኪና እየነዳ ለሚዞር ሥራ ፈት ልጄን አልሰጥም። እንደ ሰው ይሥራና መኪናው ትክበድ፤ ያን ጊዜ ብትመለሱ እሰማችኋለሁ።»

ፍርዱ የተሳሳተ ነበር። ወንዳወቅ ወደ ገጠር ሲገባ ባዶውን በዚያ ዳገት ይገባል፤ ጭኖ ሲመለስ ግን ዳገቱን ስለማይደፍረው በታችኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚወጣ። አያ ገብረሰንበት ያዩት መሄዱን እንጂ መመለሱን አልነበረም። እኛም ይህን ልናስረዳ ስንሞክር በሬዎቻቸውን ሊያጠጡ ወረዱ።

መልሱን ለወንዳወቅ ስነግረው ያዝናል ብዬ ነበር። እርሱ ግን ትንሽ አሰብ አደረገና ፈገግ አለ።

«ዝቅ ትበል ነው ያሉት፣ አያ ቢሆነኝ?»

«አዎ፣ ጭነት ይኑራት ማለታቸው ነው።»

«ጭነቱን ተውት። ዝቅ ማለቱን እኔ አውቅበታለሁ።»

ከዚያው ተነሥቶ ወደ መካኒኩ መልካሙ ጋራዥ ሄደ። ሽምግልናው የእኔም ስለሆነ ተከተልሁት። ከመኪና የኋላ ጎማ በላይ ተደራርበው ሸክም የሚችሉ ጠፍጣፋ ብረቶች አሉ፤ ባሌስትራ ይባላሉ። መልካሙ ዕድሜውን የፈጀው በእነዚህ ብረቶች ላይ ብረት በመጨመር ነው፤ የአገራችን ሰው መኪናው ከምትችለው በላይ ካልጫነ የሠራ አይመስለውምና።

«ስንት ልጨምርልህ?» አለው ገና ሳይወርድ።

«ሁለት አውጣልኝ።»

መልካሙ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ታመሃል?»

«አልታመምሁም። የፊቷንም አላላልኝ። መሬት ትሳም።»

«ከዚያ በኋላ አምስት ኩንታል ብትጭንባት ጎማው ከሳንቃው ጋር ይታገላል።»

«ማን ይጭንባታል?»

«ካልጫንህ መኪና ምን ያደርግልሃል?»

«ሚስት ያገባልኛል።»

መልካሙ ወደ እኔ ዞረ። «አያ ቢሆነኝ፣ እርስዎ እያሉ ይህን ነገር ዝም ይላሉ?»

እኔ ዝም አልሁ። ብረቶቹ ወጡ፤ የፊቱም ላላ። መኪናዋ ጠግባ እንደ ተኛች ላም ረጋ ብላ ተቀመጠች። ወንዳወቅ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ። ከዚያ በፊት ወደዚች መኪና ስገባ ጎረምሶች በብብቴ ይዘው እንደ ጆንያ ነበር የሚያነሡኝ፤ በእኔ ዕድሜና ማዕረግ ላለ ሰው ከዚያ የከፋ ውርደት የለም። አሁን በገዛ እግሬ ገባሁ፤ ኩታዬም አልተዛነፈም። ስለዚህ ስለ መኪናዋ ያልተጠየቅሁትን ላለመናገር ወሰንሁ። ሽማግሌ ያልተጠየቀውን አይመልስም።

ከወጡት ብረቶች አንዱን ወንዳወቅ ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ማረሻ አሠራ። «መኪና እየነዳህ ማረሻ ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ይደርሳል» ብሎ አለፈኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቲያትር ነው። የሥራ ቀኑን በታችኛው መንገድ፣ ከሚችለው ግማሹን እየጫነ፣ እጥፍ እየተመላለሰ ይሠራል። በቡሬ ገበያ ቀን ግን ባዶዋን መኪና በሸራ ሸፍኖ፣ በገመድ ጠፍሮ፣ የአያ ገብረሰንበትን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያስጓራ ይወጣል። ከማሳቸው አጠገብ ሲደርስ ይቆማል፤ ይወርዳል፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ግንባሩን ይጠርጋል፤ «ኧረ ይህ ጭነት!» ብሎ ለራሱ ይናገራል። አያ ገብረሰንበት ከርቀት ያዩታል። ሸራው ሥር ያለው አንድ ትርፍ ጎማና ነፋስ ነው።

ወሬውም ሮጠ። በገበያው ደላሎች ቀድመው ሰላም ይሉት ጀመር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንድ ትራፊክ አስቆመውና ሸራውን ገለጠው። ባዶውን ቢያይ መኪናዋን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ።

«ምን ጭነህ ነው እንዲህ የከበደች?»

«ሐሳብ ነው፣ ጌታዬ።»

ትራፊኩ ለሐሳብ የሚሆን ቅጣት ስለሌለው ሂድ አለው።

በታኅሣሥ፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አያ ገብረሰንበትን በደጀ ሰላም አገኘኋቸው። ከሰዎች መካከል ቆመው ስለ አዲስ ማረሻ ያወራሉ። «ካሰች ከቡሬ ገበያ አምጥታልኝ ነው» ይላሉ፤ ካሰች ሚስታቸው ናት። «ድንጋይ ሲነካ ይዘፍናል እንጂ አይታጠፍም። እንዲህ ያለ ብረት አባቴም አላረሰበትም።» እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ልጅ ደኅና እየሠራ ነው መሰለኝ። መኪናው ከብዳለች። እስቲ ብቅ በሉ።»

በተባለው ቀን ወንዳወቅ እኔንና መሪጌታን ጋቢና አስገብቶ፣ ለክብሩ ሸራውን አስሮ ተነሣ። ከደጃፋቸው ሊያደርሰንና እርሱ ራቅ ብሎ ሊጠብቅ ነው ሐሳቡ። ነገር ግን ከቤታቸው ጥቂት ሲቀር ከብት የሚነዳበት መንገድ የጠጠሩን መንገድ ያቋርጠዋል፤ እዚያ ላይ ጉብታ አለ። መኪናዋ ብቻውን ሆኖ ሲነዳት እየታከከችም ቢሆን ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን መሪጌታ አሉ። የፊት ጎማዎቿ ተሻገሩ፤ ሆዷ ከጉብታው ላይ ተቀመጠ። ወንዳወቅ ነዳጅ ሲሰጣት የኋላ ጎማዋ አቧራ በተነ እንጂ ፈቀቅ አላለችም።

«ታቅፋለች» አሉ መሪጌታ። «እስክትፈለፍል እንጠብቃለን ወይስ እንውረድ?»

ወረድን። አያ ገብረሰንበት ከአውድማቸው አይተውን ኖሮ፣ የሚያበራዩትን ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው እየተጣደፉ ደረሱ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ! ምን ላድርግ፣ ይህ ልጅ ጭነት አበዛ። ኑ እንጂ፣ አራግፉለትና ትሻገር!»

ወንዳወቅ ከመሪው ዘሎ ወረደ። «የለም፣ የለም! እባክዎ አይድከሙ፣ አያ። እኔ አወጣታለሁ።»

«ምን ድካም አለው? ደጄ መጥተህ በጭነትህ ልትቸገር?»

«የሚሰበር ነገር ነው የጫንሁት።»

«በቀስታ እናወርደዋለን።»

«ገመዱም አይፈታም፤ ጠብቋል።»

አንዱ ጎረቤት ገመዱን በአንድ እጁ ፈታው። ሁለት ጡንቻማ ሰዎች ጆንያ ሊቀበሉ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሸራው ተገለጠ። ትርፍ ጎማው ብቻውን ተኝቷል። የተዘረጉት ክንዶች እንደ ተዘረጉ ቀሩ።

«ጭነቱስ?» አሉ አያ ገብረሰንበት።

«ወርዷል» አለ ወንዳወቅ።

«መቼ?»

መሪጌታ መቁጠሪያቸውን አወጡ። አያ ገብረሰንበት ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር አዩ፤ ሽማግሌ የወረደላት፣ ጭነት የሌላት መኪና፣ ኋላዋ አንዲት ጣት እንኳ ከፍ አላለም። ቀና አሉና እኔን ተመለከቱ።

«አያ ቢሆነኝ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

አሁን ተጠየቅሁ። ስለዚህ መለስሁ። «ጭነት የለባትም። ከባሌስትራዋ ሁለት ብረት አስወጥቶ ነው ዝቅ ያደረጋት።»

ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ አንዱ ሸራው ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። አያ ገብረሰንበት አልሳቁም። በአጥሩ በኩል አምለሰት ቆማ ታይ ነበር፤ እርሷም አልሳቀችም። ወንዳወቅ ፊቱ ላይ ያለው ቀልድ ሁሉ ጠፍቶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አያ» አለ፣ «አታልዬዎታለሁ፤ አልክድም። ግን ሥራ ፈት አይደለሁም። ጭኜ የምመለሰው በታችኛው መንገድ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ የሚያዩኝ ስመጣ ነው።»

«እንግዲያው» አሉ አያ ገብረሰንበት፣ «ያወጣኸውን ብረት አንድም ሳታስቀር መልሰህ አስገባ። ከዚያ ጭነህ ይህን ዳገት ውጣና አሳየኝ። እስከዚያው ሽማግሌዎችህ እንደ ቆሙ ይመለሱ።»

በዚህ መካከል የካሰች ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ መጣ።

«አንድም ሳታስቀር ነው ያልኸው፣ የአምለሰት አባት?»

«አዎ፣ ነው።»

«ሂድና ማረሻህን ንቀላ!»

«ማረሻዬ ምን አገባው?»

«ከቡሬ ገበያ ነው ያልሁህ ከዚህች መኪና ሆድ የወጣ ነው። ልጁ ነው የላከልህ። በደጀ ሰላም ስታወድሰው የሰነበትኸው የእርሱ ብረት ነው። ንቀልና ስጠው፤ እንዲጭንልህ!»

አያ ገብረሰንበት ወደ አጥሩ ሄዱ። ሞፈርና ቀንበሩ እዚያ ተደግፎ ነበር። ማረሻውን ያዙት፤ ሊነቅሉት ወዘወዙት፤ ግማሽ የታረሰውን ማሳቸውን አዩ፤ ያልታረሰውንም አዩ። በጥፍራቸው መታ አደረጉት። ብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ተውት።

«ሁለት ብረት አልነበር?» አሉ ጀርባቸውን እንደ ሰጡን። «ሁለተኛውስ የት አለ?»

«ከወንበሩ ሥር» አለ ወንዳወቅ። «እንቢ ቢሉኝ መልሼ ልገጥመው ነው።»

«እንቢ ባልልህስ?»

«መጥረቢያ ይወጣዋል።»

ተመልሰው መጡ። የመኪናዋን የኋላ መዝጊያ ራሳቸው አወረዱት። ስለ ዝቅታዋ መዝጊያው ልክ የደኅና መደብ ቁመት ሆነ። መጀመሪያ እርሳቸው ተቀምጠው ሞከሩት፤ እግራቸው ሳይንጠለጠል መሬት ያዘ።

«ቤት ሄዳችሁ ወንበር እስክትጠብቁ ምን አቆማችሁ?» አሉን። «ተቀመጡ እንጂ!»

ተቀመጥን። መሪጌታ ሲቀመጡ መኪናዋ አቃሰተች፤ ግን ከዚያ በታች የምትወርድበት ስላልነበራት ችላ ያዘችን። የአምለሰት እጮኝነት እዚያው፣ በጉብታው ላይ በታቀፈች መኪና ጭራ ላይ ተቋጨ።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ወንዳወቅ በዋዜማው ሙሽራዪቱን በምን እንደሚያሻግራት ሲጨነቅ መኪናዋን ለሙከራ ነድቶ ወጣ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። ጉብታው የለም። አያ ገብረሰንበት በሬዎቻቸውን ጠምደው፣ በዚያው ማረሻ ከዳር እስከ ዳር ገልብጠው ደልድለውታል።

ወንዳወቅ ወርዶ፣ ከማሳቸው ዳር ቆመው ወደነበሩት አያ ገብረሰንበት ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ገፋ አደረጉት።

«ለመኪናህ መሰለህ?» አሉት። «ውኃ እየታቆረ አስቸግሮኝ ነው። ደግሞ መጥረቢያዬን አትርሳ።»