«አይሸጥም» ያልኩት ስልክ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መቱ ውስጥ ነው። ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ሰዎች ስለ ስልክ ሲከራከሩ ስሰማ ተነሥቼ እወጣለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም በደንብ ተናግሬ አላውቅም። እስቲ ልሞክር።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ የሞባይል ሱቅ ነበረው። በስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናታችንንም እኔንም የያዘን እሱ ነበር። የመጨረሻው ደህና ቀን ቅዳሜ ነው። ትምህርት ስላልነበረኝ ሱቅ ላግዘው ሄድኩ።

ጋሼ አዲስ ዕቃ አምጥቶ መስታወቱ ውስጥ እየደረደረ ነበር። ሁሉም ዊንዶውስ ስልክ ነው። ያኔ መቱ ውስጥ ሰው የሚይዘው አንድሮይድ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ሊገዛልህ ነው?»

«ቢሮ የሚሠራ ሁሉ! ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ፣ ስልኩም ዊንዶውስ። ደግሞ እየው፣ አይንቀራፈፍም። ባትሪው ይቆያል። ካሜራውንማ ተወው!»

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። እኛ አገር ሰው አፕ የሚያወርደው ከኢንተርኔት አልነበረም፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ከጓደኛው ስልክ ነው የሚቀበለው። ከአንድሮይድ ወደ ዊንዶውስ ደግሞ አፕ አይሄድም። ይሄን ስልክ የገዛ ሰው ከጓደኞቹ መሃል ብቻውን ይቀራል። ይህንኑ ነገርኩት።

«አንድ ዓመት ስጠው። መቱ ብቻ አይደለም፣ ጎሬም በደሌም ይሄን ይይዛል» አለኝ።

«በአንድ ዓመት ውስጥማ የሚሠሩትም ይተዉታል።»

«አንተ ሟርተኛ! ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ!» አለና ሳቀ።

ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች በር ላይ ቆመው ያዳምጡናል። አንደኛው «ደሬ፣ ልጁ በላህ እኮ!» አለው። ሰው ሲስቅልኝ ልቤ አበጠ። ከዚያ ያንን ቃል አወጣሁት።

«አይሸጥም አልኩህ! ከነስልክህ ትቀበራለህ!»

ሾፌሮቹ ሳቃቸውን አቆሙ። ጋሼም ጨርቅ አንሥቶ የተወለወለውን መስታወት እንደገና ይጠርግ ጀመር። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፤ ማትሪክ ላጠና ብዬ ጓደኛዬ ቤት አደርኩ።

እሑድ ጠዋት ጋሼ ወደ በደሌ ሲሄድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ።

ጎረቤቶቻችን ጓደኛዬ ቤት መጥተው «እናትህን ትንሽ አሟት ነው፣ እንሂድ» አሉኝ። ሰፈር ስንደርስ ድንኳኑን አየሁት።

ስለ ቀብሩ አልጽፍም። አልችልም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዕንባ እንቢ እንዳለኝ ብቻ ልናገር። የማስበው ቃሌን ነበር። እኛ ዘንድ ሟርት ተራ ነገር አይደለም። ክፉ የተናገረ አፍ ክፉ ይጠራል ይባላል። እኔ የገደልኩት መሰለኝ። ከዚያም የሚብሰው፣ ተቀይሞኝ ሄደ የሚለው ነው። ለእናቴ ልንገራት እልና ፊቷን ሳየው ቃሉ ይጠፋብኛል። ለቀስተኞቹ «ምስኪን፣ ወንድሙን ሲወድ!» ሲሉ ደግሞ መሬት ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

በሰልስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቃቸው ጎልማሳ ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። መምህር ገመቹ ይባላሉ፤ የመጡት ከኖፓ ነው። ቅዳሜ ከጋሼ ስልክ ገዝተው ኖሮ፣ ኢሜይሉ አልከፈት ስላላቸው ሊያሳዩት ነበር የመጡት። ሱቁ ተዘግቶ ሲያዩ ሰው መርዶውን ነገራቸው።

«ታናሽ ወንድሙ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» ብዬ ተነሣሁ። ከድንኳኑ ኋላ ወሰዱኝና ስልኩን ከኪሳቸው አወጡ።

«ካሜራውን ስሞክር ወንድምህን ቀርጬው ነበር። ስላንተ ነው የሚያወራው። ይጎዳህ ይሆን፣ ይጠቅምህ ይሆን፣ አላውቅም። ላሳይህ?»

አዎ አልኳቸው።

ጋሼ መስታወቱ ላይ ተደግፎ ይስቃል። «መምህር፣ እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ» ይላል። «አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ። ዛሬ ጠዋት ይሄ ስልክ አይሸጥም ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ከነስልክህ ትቀበራለህ አለኝ እኮ!»

«ኧረ! ተቀየምከው?» የመምህሩ ድምፅ ነው።

«እሱን? ምላሱን ቢሰሙት! ይሄን ልጅ ሕግ ነው የማስተምረው። ደግሞ ሳስበው፣ ልክ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግትር ሆኜ ነው።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ ትሸጥልኛለህ?»

ጋሼ ከት ብሎ ሳቀ። «ለእርስዎማ ይሆናል! እርስዎ ከማን አፕ ሊቀበሉ ነው?» ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ።

ደግመው አሳዩኝ። በሦስተኛው ዕንባዬ መጣ። መምህር ገመቹ ትከሻዬን ይዘው «ጀባዹ፣ ልጄ፣ በርታ» እያሉ አብረውኝ ቆሙ። እናቴን እንጥራት ወይ ቢሉኝ፣ ዛሬ አይሁን አልኳቸው። ቃሌን ከእኔ ሳትሰማ እንዴት ታየዋለች? በኋላ ለአርባው መጥተው አሳይተዋታል።

በስልኩ ነገር ልክ ነበርኩ። ገበያ አላገኘም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሠራቱም ቀረ። ልክ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም። ጋሼ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ናፍቆቱ አልቀለለልኝም። ግን ሳይቀየመኝ መሄዱን አውቃለሁ። መምህሩ ኢሜይላቸው ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አይመጡም ነበር። ይህን ሳስብ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

በሰልስቱ ማግስት ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ ፍራሹ ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ያልኩትን ቃል ሳላሳምር ነገርኳት። ቪዲዮውንም ነገርኳት። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ሳቀ ነው ያልከኝ?»

«ሳቀ፣ እማዬ።»

«ከልቡ?»

«ከልቡ።»

እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «እስቲ ያለውን እንደገና ንገረኝ» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።