ያልቀመስኩት የማኅበር ማር

ልጅ ሳለሁ፣ ይጁቤ አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ማምሻውን ፍሙን እየቆሰቆሰ ተረት ይነግረን ነበር። አንዱን ተረት እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ፤ የሰረቀውን የበላ ሰው መንጋጋው ውስጥ ትል ይፈለፈልበታል፣ ካልተናዘዘም አይለቀውም የሚለውን።

ያኔ፣ ለማኅበር የተቀመጠው ማር ከማሰሮው ጎድሎ በተገኘበት ሰሞን፣ የእኔ መንጋጋ ታመመ። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይወጋኛል፤ ጋደም ስል ከልቤ ትርታ ጋር እየመታ ያስለቅሰኛል።

«ይኸው፣ ማሩ ራሱ ተናገረ!» ብሎ አያ ደሴ ሳቀ።

«አባባ፣ እኔ አልበላሁም፤ ይመኑኝ» አልኩ። አባቴ የማሩን ማሰሮ ከድኖ ወደ ጓዳ መለሰው።

አያ ደሴ ፍሙ ላይ የእምቧይ ፍሬ በትኖ፣ ከጎኑ ውሃ የሞላ ገበቴ አስቀምጦ፣ በጋቢ ሸፈነኝና አፌን ከፍቼ ጭሱን እንድምግ አዘዘኝ። «ተናዘዝ እንጂ! ትሉ እንዲሁ የሚወርድ መሰለህ?» ይላል ከውጭ። ጭሱ ሲያፍነኝ፣ ጥርሴም ሲጠዘጥዘኝ፣ ያልቀመስኩትን ማር በላሁ አልኩ። ጋቢው ሲገለጥ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ነጫጭ ነገር አሳዩኝ። ጥቂት ሰንብቶ ሕመሙ ድርግም አለ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከዚያ ወዲያ ወደ ጓዳ በገባሁ ቁጥር የአባቴ ዓይን ይከተለኝ ጀመር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አዲስ አበባ ሳለሁ፣ በዚያው ጥርስ በኩል ድዴ መግል ቋጥሮ አበጠ። የጥርስ ሐኪሙ ሰርስሮ ከፈተው። ጥርስ ውስጡ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ እንዳለው፣ ጥርሱ ሲቦረቦር ያ ሥጋ እንደሚቆጣ፣ ዙሪያው ጠንካራ ስለሆነ ግን ማበጫ ቦታ አጥቶ እንደሚያሰቃይ አስረዳኝ።

«ታዲያ በልጅነቴ ሲያመኝ ቆይቶ እንዴት ተወኝ?» አልኩት።

«ሞቶ ነዋ! የሞተ ነርቭ ምን ያምማል?»

ጥፋተኛ ያሰኘኝ እንግዲህ የነርቩ መሞት ነበር፤ ትል የተባለውም ፍሙ ላይ ፈንድቶ ውሃው ውስጥ የወደቀ የእምቧይ ፍሬ ኖሯል። ሐኪሙ የሞተውን ጠርጎ አውጥቶ ደፈነልኝ።

ትምህርት ሲዘጋ አገሬ ገብቼ ይህንኑ ለአባቴ ነገርኩት። አያ ደሴ ያኔ ሞቶ ነበር። አባቴ ሳያቋርጠኝ አዳመጠና፣ «ይሁን፣ ትል የለም እንበል» አለ። «ማሩን ታዲያ ማን በላው?»

ዛሬ አባቴም የለም። ያ ጥርሴ ግን እንደተደፈነ አለ፤ ያኝክልኛል፣ ትኩስም ቀዝቃዛም አይሰማውም። እኔ ግን እስከ አሁን ሰው ፊት ማር አልበላም።