ግቢያችን የሚያርፉት ባጃጆችና የእኔ ሽማግሌዎች

ሆሳዕና ውስጥ ጠዋት ተማሪውና ሠራተኛው ገብቶ ካለቀ በኋላ ባጃጅና ሚኒባስ ሥራ ይፈታል። እስከ ማታው ግፊያ የት ይቁም? አስፋልት ዳር ትራፊክ አለ፣ መናኸሪያው ሞልቷል። ስለዚህ እኛ ግቢ ይመጣል። አባቴ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው። ተማሪ ማሰለፍ ቀርቶበት ሲቆዝም ከርሞ ባጃጅ ማሰለፍ ጀመረ። ሕጉ አንድ ነው፦ ማታ መጀመሪያ የሚወጣ መጨረሻ ይገባል። በሩ ጋ የሚቆመው የተማሪ ሰርቪስ ነው፤ እሱ ሳይወጣ ማንም ንቅንቅ አይልም። መስመር ያዛነፈ ሾፌር ካለ አባቴ "ውጣና እንደገና ግባ" ይለዋል። ጺማሙ ሰውዬ እሺ ብሎ ወጥቶ ይገባል።

እኔ በዚህ ስስቅ ነው የኖርኩት፣ ሽማግሌ የሚላክልኝ ቀን እስኪደርስ።

እጮኛዬ የዱራሜ ልጅ ነው። አባቱ "እዚህ አገር ሴት ጠፋ ወይ" እያሉ ስንት ጊዜ ተለምነው ነው ሽማግሌ ለመላክ እሺ ያሉት። ሽማግሌዎቹ አፍረው ከተመለሱ ሁለተኛ እንደማይልኩ አውቃለሁ። እናቴ "ዛሬ እንኳ ባጃጆቹ ይቅሩ" ብትል አባቴ "ሥርዓት ሥርዓት ነው" ብሎ እንደ ወትሮው አሰለፋቸው።

አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ጓዳ ቁጭ አልኩ። ሰዓቱ አለፈ፣ ማንም የለም። ከዚያ እጮኛዬ ደወለ።

"ሌላ ሰው እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

ክው አልኩ። ነገሩ ለካ ወዲህ ነው፦ ሦስቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ደርሰው ግቢው በመኪና ተሞልቶ፣ ወንዱ ሁሉ ጥላ ሥር ተደርድሮ ያያሉ። አንዱን ሾፌር "ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ቤት ነው የመጣው?" ብለው ይጠይቁታል። "አዎ አባባ፣ እኛማ በየቀኑ ነው የምንመጣው" ይላቸዋል። ሌላ ወገን ሽማግሌ ልኮ ቀደመን ብለው አንገታቸውን ደፍተው ወደ መናኸሪያ ተመለሱ።

ደሜ ፈላ። ወጥቼ "በየቀኑ ነው የምንመጣው ያለው ማነው?" ስል አንዱ እጁን አወጣ። አባቴ ተማሪ አድርጓቸዋል እኮ።

ቅርብ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ዘው አልኩ። አባቴ መጣ።

"በተራ ነው። መጀመሪያ ሰርቪሱ።"

"አባዬ፣ ትዳሬ እየሄደ ነው እኮ!"

"ይሂድ፤ በተራ ትደርሺበታለሽ።"

የሰርቪሱ ሾፌር እግሩን በመስኮት አውጥቶ ያንኮራፋል። ቀስቅሼው ጋቢና ገባሁ። ወሬውን የሰሙት ባጃጆች ደግሞ ማን ይቅር ብለው ከኋላ ተከተሉን፣ ያውም በተራቸው፣ ክላክስ እያስጮሁ።

መናኸሪያ ስንገባ ሕዝቡ ሠርግ ነው ብሎ እልል አለ። ተሸካሚዎቹ የሰው ሻንጣ እንደያዙ ጨፈሩ። ሽማግሌዎቹ የዱራሜው መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ትልቁ በመስኮት አዩኝ፤ አዲስ ቀሚስ፣ አጀብ፣ ክላክስ። ጨዋ ሰው ናቸውና "እንኳን ደስ አለሽ ልጄ፣ ትዳርሽን ጌታ ይባርክ" አሉኝ።

"ኧረ አባባ አላገባሁም፤ እናንተ ከሄዳችሁ ደግሞ አላገባም" አልኳቸው። መናኸሪያው በሙሉ ሰማኝ። አፈርኩ፣ ግን ወረዱልኝ።

ቤት ስንደርስ አባቴ መጀመሪያ መኪኖቹን አሰለፈ፣ ከዚያ እንግዶቹን አስገባ። በእኛ ዘንድ የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ "እንመክርበት" ብሎ ይቀጥራል። አባቴ ይህችን ቃል ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ሲለማመዳት ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ልመናቸውን አቀረቡ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ሲል በመስኮቱ የሾፌሮች ጭንቅላት ተደርድሯል፣ እኔ በሩ ጋ አቧራ ለብሼ ቆሜያለሁ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"እሷው ሄዳ ካመጣቻችሁ፣ እኔ ምን እመክራለሁ?" አለ።

ቀኑን ሙሉ ስናደድበት የዋልኩት ሰውዬ ድምፁ ሲቆራረጥ ሰምቼ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ውሰዷት" አለ፣ እኔን ሳያይ። "ብቻ ቶሎ ቶሎ እየመጣች ትጠይቀኝ።"