ወንድሜ ያልጎረሰው ጉርሻ

ባለፈው ገንዳ ውሃ መናኸሪያ የጎንደር መኪና ስጠብቅ፣ ሁለት ጎረምሶች ትንሿን ጣታቸውን አቆላልፈው በፊቴ አለፉ። ላብና የሰሊጥ ቅጠል ይሸታሉ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ምን ብሎ ያያቸዋል? እዚህ አገር ወንድ ከወንድ ጋር ተያይዞ ይሄዳል፣ ባንድ ጋቢ ይተኛል። እኔ ግን እስኪርቁ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋቸው።

ነገሩ የሆነው አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው። ወንድሜ ከሽንፋ ወዲያ ሰሊጥ ያርስ ነበር፤ እኔም ለሳሉጎቹ፣ ከደጋ ለአጨዳ ለሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ወጥ ልሠራ ወረድኩ። ከመካከላቸው አንድ ጎጃሜ ነበር፤ ሳቁ ከማሳው ማዶ የሚሰማ። ወንድሜ ይወደው ነበር። እንደ ጓደኛ አላልኩም። ሰው ሊያገባት የሚያስባትን ልጅ እንደሚወድ ነው የወደደው። ጎጃሜውም እንዲሁ። ማንም አልነገረኝም፤ ዓይን አለኝ።

ታዲያ ከሌሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ የሚቀመጠው ወንድሜ፣ ጎጃሜው አጠገቡ ሲመጣ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ፈቀቅ ይላል። ሌላው ሳያስብ የሚያደርገውን እሱ እያሰበ አቃተው።

ሰሊጡ ተራግፎ ባለቀ ቀን ምሳ ባንድ ትሪ ቀረበ። በማግስቱ ሳሉጎቹን የሚመልስ መኪና ይመጣል። የዚያን ቀን ጠዋት ውሃ ስንቀዳ ጎጃሜው፣ «እቱ፣ ወንድምሽ አትሂድ ካለኝ እቀራለሁ። ማሽላውንም አብረን እናጭዳለን» ብሎኝ ነበር።

ምሳው ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ወንድሜ አፍ ዘረጋ።

«በሞቴ!»

ወንድሜ ፊቱ በርበሬ መሰለ። አፉን ገጥሞ አንገቱን አዞረ።

«ኧረ በሞቴ እያለህ!» አለ አንዱ ሳሉግ። «ምነው፣ እጁን አልታጠበም እንዴ?»

ሳቁ። ጎጃሜው እጁን እንደዘረጋ ቆየ፤ ወጡ በክንዱ ወረደ። ከዚያ ራሱ ጎረሰው። እያላመጠ ወጡን ከክንዱ ጠረገ።

በነጋታው መኪናው ሲነሳ ወንድሜ የሰሊጥ ገለባ ይሰበስብ ነበር። ቀና አላለም። ጎጃሜው መኪናው ላይ ቆሞ፣ አቧራው እስኪውጠው ድረስ ወደ ማሳው ያይ ነበር። በሌላው ዓመት ሳሉጎቹ ሲወርዱ አብሯቸው አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም።

ወንድሜ አላገባም። ዛሬም ሰው ትከሻውን ሲነካው እሳት እንደነካው ይበረግጋል። አምና ሁለታችን እራት ስንበላ አላስችል አለኝ።

«አያ፣ ያኔ ምናለ ብትጎርስለት?»

እንጀራውን እየቆረሰ መልሶ ያስቀምጠዋል።

«ከጎረስኩ ሁሉም የሚያውቅብኝ መሰለኝ።»

«ማን ያውቅብሃል? ሁሉም ሲጎራረስ የሚውል ሰው! ማንም አላየህም እኮ።»

«አንቺ አይተሽኝ የለም?»

ከዚያ ወዲህ አብረን ስንበላ፣ ወንድሜ ሲጎርስ ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ።