ክራር የተማርኩበት ጥቅምት

ስሜ ኃይለኪሮስ ነው። ጎልማሳነቴን የጨረስኩት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣና ጭነት ከአውሮፕላን ሆድ ሳወርድና ስጭን ነው። ሙሉ ወር ቤት ውዬ አላውቅም ነበር፤ ዘንድሮ ጥቅምትን ግን ቤት ዋልኩ።

ነገሩ የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። ከአንድ የጭነት አውሮፕላን ሥር ቆሜ የጭነት ማሰሪያ መረብ ስፈታ፣ ጋሪ የሚጎትት ትራክተር ወደ ኋላ እየሄደ መጣብኝ። ሹፌሩ አላየኝም። የሥራ ባልደረባዬ ፊሊጶስ ሲጮህ ሌሎቹ ሁሉ ሰምተዋል፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ሮጦ ደርሶ በሰደርያዬ ጎትቶ ወደ ጎን ጣለኝ። የጋሪው ጎማ የጫማዬን ጫፍ ነክቶ አለፈ። ተነስቼ ልብሴን አራገፍኩና ሳቅኩ። ፊሊጶስ አልሳቀም። በማግስቱ አለቃችን ዘንድ ገብቶ ኃይለኪሮስ አይሰማም ብሎ ተናገረ።

ወዲያው ለምርመራ ተላክሁ። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ነበረች። የቀኝ ጆሮዬ ክፉኛ እንደደከመ፣ የግራውም እየተከተለው እንደሆነ ነገረችኝ። የሥራው ጩኸት ያመጣው ይሁን የዘር፣ ለመለየት እንደሚከብድ አልደበቀችኝም። አባቴም በስተርጅናው ደንቁሮ ነው የሞተው። አንድ ወር ከጩኸት ርቄ እንድቆይና ተመልሼ እንድታይ አዘዘች። ወደ አውሮፕላኖቹ ሥር መመለስ አለመመለሴ የሚቆረጠው ያኔ ነው።

ቤታችን ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ብሩክታይት ከሕንፃው ሥር በተከራየናት ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ልጃችን ሀይሚ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቤቱ ጭር ይላል። መጀመሪያ ሰሞን በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች አይ ነበር። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ ዓይነቱን እለይ ነበር። አሁን ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ብቅ እስኪል መምጣቱንም አላውቅም። አንድ ቀን ወንበሩን አጥፌ ገባሁና ተኛሁ። ፊሊጶስ ሲደውልልኝም አላነሳሁም። ለዓመታት በአንድ ትሪ አብሬው የበላሁት ሰው እንዴት እንጀራዬ ላይ ይቆማል እያልኩ እበግናለሁ።

ብሩክታይት ሁኔታዬን ስትታዘብ ሰነበተች። ቅዳሜ ግን አስነስታ ሾላ ገበያ ወሰደችኝ። በርበሬ ልትገዛ ነበር የሄደችው፤ እኔ የቃሪያና የጎመን ችግኝ፣ አንድ እግር ጤና አዳምም ይዤ ተመለስኩ። ያረጁ የዘይት ጀሪካኖች አፋቸውን ቆርጬ፣ አፈር ሞልቼ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው። ጠዋት ጠዋት ውኃ ሳጠጣ፣ አዲስ ቅጠል አውጥተው ሳገኛቸው፣ ልቤ ትንሽ ፈታ ይል ጀመር። ከሰዓት ሀይሚን ከትምህርት ቤት አመጣታለሁ። አንዳንዴ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ እስከ ቦሌ ድረስ ፈንዲሻ እየበላን እንሄዳለን። ልጄን በቀን ብርሃን ያን ያህል አይቻት አላውቅም ነበር። ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ መቼ እንደወደቀች ለመጠየቅ አፈርኩ።

የተማርኩበት ክራር የጎረቤታችን የጋሽ አብዱልሐሚድ ነው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ አገራቸው ደሴ ነው፤ በራቸው ከበራችን ፊት ለፊት ነው። ለጤና አዳም ቅጠል መጥተው ሲጠይቁኝ፣ በልጅነቴ ክራር መማር እመኝ እንደነበር አጫወትኳቸው። ወዲያው ከግድግዳቸው አውርደው ሰጡኝ። በየቀኑ ከአስር ሰዓት በኋላ እየመጡ የጣቶቼን አቀማመጥ ያስተካክሉልኛል። ትዝታን ቀስ እያልኩ፣ እየተሰናከልኩ መምታት ቻልኩ። ወፍራሞቹን ክሮች ስመታቸው እንጨቱ ደረቴ ላይ ይንዘፈዘፋል፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅኝቱ ላይ ግን ችግር መጣ። አንድ እሁድ ከሰዓት ጋሽ አብዱልሐሚድ ራሴ እንድቃኘው ተዉልኝ። ቀጭኗ ክር ላይ ስደርስ አጠበቅኳት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አላላኋት፤ አሁንም ነቀነቁ። ደጋግሜ ሞከርኩ። እሳቸው የሚሰሙትን ነገር እኔ ፈጽሞ አልሰማውም። የክሩ ንዝረት ጣቴ ላይ አለ፤ ድምፁ የለም። አንገቴን ደፋሁ።

ሀይሚ መሬት ላይ ተቀምጣ ትሥል ነበር። እርሳሷን አስቀምጣ መጣችና ከግራዬ ቆመች።

"አባዬ፣ እኔ እነግርሃለሁ። አጥብቃት፤ ትንሽ… አሁን ተዋት።"

ጋሽ አብዱልሐሚድ ሰምተው ልክ ነው አሉ። እንዴት በግራዬ መቆም እንዳሰበች ጠየቅኳት።

"በዚያኛው ስጠራህ አትሰማም እኮ" አለችኝ። "ድሮም አትሰማም። እማዬም ታውቃለች።"

ብሩክታይት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ነበር። ተያየን። ዓመታት ሙሉ የደበቅኋቸው መስሎኝ፣ እነሱ ናቸው ለካ እንዳልሸማቀቅ ማወቃቸውን የደበቁኝ። ሀይሚ ስትጠራኝ ካልመለስኩ መጥታ ክንዴን ትነካኛለች፤ እኔ ደግሞ የልጅ ፍቅር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጋሽ አብዱልሐሚድ ነገሩ ገብቷቸው፣ የዛሬው ይበቃል ብለው በቀስታ ወጡ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ፊሊጶስ ሳይደውል መጣ። የሥራ ሰደርያውን እንኳ አላወለቀም። ብሩክታይት ሻይ አቀረበችለትና ወደ ሥራዋ ወረደች። ሁለታችን ስንቀር እንዲህ ዓይነት ነገር መጀመሪያ ለእኔ ይነገር ነበር አልኩት። ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ አለኝ፤ በሳቅ ያሳለፍኩት እኔው ነበርኩ።

"ኃይሌ" አለኝ፣ "ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ የምቀመጠው ለለቅሶህ ነበር። ብትጠላኝ ይሻለኛል።"

ሻዩን ሳይጨርስ ማስቀመጫው ላይ መለሰው። ያን ቀን እኔ ከሳቅሁ በኋላ እሱ መጸዳጃ ቤት ገብቶ እንዳስታወከ ሌላ ሰው ነው ኋላ የነገረኝ። ይቅርታ አልተጠያየቅንም። ሲወጣ ግን ታክሲ ተራ ድረስ ሸኘሁት።

በቀጠሮዬ ቀን መስታወት ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርገው፣ ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን አዘዙኝ። ብዙ ጊዜ በዝምታ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ በመስታወቱ ማዶ ድምፁን የሚልከውን ቁልፍ ስትጫን ስለማያት፣ ዝምታው ዝምታ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። ስወጣ የሄደው እንደማይመለስ ነገረችኝ። የመስሚያ መሣሪያ የቀረውን እንደሚያግዝ፣ አውሮፕላን ሥር ግን ከእንግዲህ መቆም እንደሌለብኝ ጨመረች።

"አዝናለሁ፣ ጋሼ" አለች።

እኔም አዘንኩ። ኅዳር ሲገባ መጋዘን ውስጥ መደቡኝ፤ ሥራዬ የጭነት ምልክት ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ነው። አውሮፕላን የማየው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። ክራሩን አልተውኩም፤ የሚቃኝልኝ ሌላ ሰው ነው፤ ይህን መቀበል ከሁሉም ይከብደኛል። አንዳንድ ቀን አንስቼው ሳልመታው መልሼ እሰቅለዋለሁ።

በመጋዘኑ የመጀመሪያ ቀኔ አዲሷ አለቃዬ ብሩክ የሚባል ሠራተኛ አብሮኝ እንዲሠራ ሰጠችኝ። እየሄደ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ስለ ሥራው ይነግረኝ ጀመር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዳር ዳሩን አያለሁ። እንደ ልማዴ አንገቴን ነቅንቄ ላልፍ ነበር። ቆምኩና ትከሻውን ያዝኩት።

"በቀኜ አልሰማም" አልኩት። "በግራዬ ሆነህ ንገረኝ።"

እሱ እሺ ብሎ በግራዬ ዞረና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።